ልጄ «እታለሜ» ትለኛለች

ጥያቄ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከጅዳ ነው። ስሜን አታውጡብኝ፣ ዘ. በሉኝ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ።

ወደዚህ የመጣሁት በ2011 ዓ.ም. በኤጀንሲ ነው። ያኔ ልጄ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከአባቷ ጋር ተለያይተናል፤ ጅቡቲ ገባ ከተባለ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም። ልጄን ለእናቴ ሰጥቼ ወጣሁ። የሄድኩት ሌሊት ነው። ተኝታ ነበር። እንዳታለቅስ ብዬ አልቀሰቀስኳትም።

ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ነበር ያልኩት። ከዚያ ኮሮና መጣ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2014 ኮምቦልቻ ስትያዝ ስልክ ተቋረጠ። እናቴና ልጄ ይኑሩ ይሙቱ ሳላውቅ ከአንድ ወር በላይ የሰው ቤት እያፀዳሁ አለቀስኩ። ኋላ ስልክ ሲሠራ ነፍሳቸው ተርፏል፣ ቤቱ ግን ተዘርፏል። እንደገና ከማንኪያ ጀምሬ ቤት ማቋቋም ነበረብኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባት ዓመት ሞላኝ።

አሁን ማዳም ከዐረፋ በኋላ የሁለት ወር ፈቃድ ልትሰጠኝ ተስማምታለች። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ልጄ እናቷ የእኔ እናት ትመስላታለች። «እማዬ» የምትለው እሷን ነው። እኔን በኢሞ ስንገናኝ «እታለሜ» ትለኛለች፣ እንደ ታላቅ እህቷ። መጀመሪያ ትንሽ ስለሆነች ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ማንም አላረማትም፣ እኔም አላረምኳት። «እታለሜ ጫማ ላኪልኝ» ስትለኝ «እሺ የኔ ማር» እላለሁ። ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ።

ለእናቴ «አሁን ስመጣ ልነግራት ነው» አልኳት። በጣም ተቆጣች። «ተመልሰሽ ለምትሄጂው ልጅቷን ለምን ታናውጫታለሽ? ጠቅልለሽ ስትመጪ ንገሪያት። ካልሆነ እንዳለች ተያት» አለችኝ። ወንድሜ ደግሞ «ባጃጅ ትገዢልኛለሽ አይደል?» ይላል። ዘመድ ሁሉ ሻንጣዬን ነው የሚጠብቀው። አንዳንዴ የትኬቱን ብር ልላክላቸውና ይቅርብኝ እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ሳላቅፋት ብሞትስ እላለሁ። ልሂድ ወይስ ልቅር? ከሄድኩስ ልንገራት?

ዘ. ከጅዳ

መልስ፦

እህቴ ዘ.፣ ሰላም ላንቺም ይሁን።

ልሂድ ወይስ ልቅር ላልሽው ቶሎ ልመልስልሽና ወደ ከባዱ እንለፍ። ሂጂ። ብር መላኩንማ ሰባት ዓመት ሠርተሽበታል። ልጅሽን አብልቷታል፣ አልብሷታል፣ የተዘረፈውን ቤት መልሶ አቁሟል። ብር የሚችለውን ሁሉ አድርጓል። የቀረው በአካል የሚሠራ ነው።

ከባዱ የእናትሽ ነገር ነው። ደብዳቤሽ ስለ ልጅሽ ቢሆንም፣ መጀመሪያ መፈታት ያለበት በአንቺና በእናትሽ መካከል ያለው ይመስለኛል። እናትሽ ሳትስማማ ብትነግሪያት ልጅቷ በአንድ ቀን ሁለታችሁንም ልታጣ ትችላለች። እህቴ የምትላት አንቺ እህቷ አይደለሽም፣ እማዬ የምትላት ደግሞ ስትዋሻት ኖራለች። ይህን ብቻዋን ልትሸከም አይገባም።

እናትሽ የተቆጣችው በክፋት አይመስለኝም። እስቲ ያን የ2014ቱን ኅዳር መለስ ብለሽ አስቢው። አንቺ ጅዳ ላይ ስልኩ አልሠራ ብሎሽ ስትሰቃዪ፣ እሷ ኮምቦልቻ ውስጥ የአምስት ዓመት ልጅ ይዛ ነበር። የት ተጠለሉ? ምን በሉ? ተኩስ ሲሰማ ልጅቷ ምን ትላት ነበር? ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚደውል ሰው «ደህና ናችሁ?» ይላል፣ «አልሐምዱሊላህ ደህና ነን» ይባላል፣ እዚያው ላይ ያልቃል። እናትሽ ያንን ወር ለማን እንደነገረችው አላውቅም። ለአንቺ ካልነገረችሽ ግን ብዙ ነገር በሆዷ ይዛለች ማለት ነው። «እማዬ» የሚለውን ስም ያገኘችው በዚያ መሐል ነው። አንቺ «ልነግራት ነው» ስትያት የሰማችው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ «ልጄን ልወስድብሽ ነው»።

በአንድ ነገር ግን ከእናትሽ ጋር አልስማማም። «ጠቅልለሽ ስትመጪ» የሚለው ቀጠሮ ቀን የለውም። አንቺም መቼ እንደምትጠቀልዪ አታውቂም። እውነቱ ደግሞ አንቺን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል እኮ። አርግዘሽ አይተውሻል፣ አራስ ጠይቀውሻል፣ ገንፎ በልተው ሄደዋል። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ከጓደኛዋ ጋር ተጣልታ «አንቺ እኮ እናትሽ ዐረብ አገር ጥላሽ የሄደች ነሽ» ብትባል ምን ይውጣታል? ይህ እንኳ ባይሆን ወረቀት አለ። ከወሳኝ ኩነት የሚወጣው የልደት ምስክር ወረቀት ላይ የእናት ስም ይጻፋል። ነገ ከነገ ወዲያ ለአንድ ነገር ሲጠየቅ ማንበብ የምትችል ልጅ ነች፣ ታነበዋለች። ከሰው አፍ ወይም ከወረቀት ከምትሰማው ከናንተ አፍ ትስማው።

ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅሽ እንደማታውቅ በምን አወቅሽ? ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ቡና ላይ የሚወራውን ወለሉ ላይ እየተጫወቱ ይሰማሉ። ሰምተው ዝም ይላሉ፣ ትልልቆቹ እንዲከፋቸው ስለማይፈልጉ። ምናልባት ግማሹን ታውቀዋለች፣ የሚነግራት ሰው ነው የምትጠብቀው። ለእናትሽ ስትደውዪ ይህንንም ጠይቂያት፦ «አንድ ቀን እንኳ ጠይቃሽ ታውቃለች?»

ስልኩን እንግዲህ መቼና እንዴት እንደምትደውዪ አስቢበት። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ስፒከር ላይ ሆኖ አይሆንም። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሆን፣ እናትሽ ብቻዋን ስትሆን ደውዪ። «ልነግራት ነው» ብለሽ አትጀምሪ። «እማ፣ ልጅሽን ልቀማሽ አይደለም የምመጣው። እማዬ ማለቷን አትተውም፣ እኔም አላስተዋትም። አንቺ ባትኖሪ ልጄ አትኖርም ነበር» በያት። በተለይ ያቺን የመጨረሻዋን ሳትያት ሰባት ዓመት አልፎ ሊሆን ይችላል። ከዚያ «እንዴት ብንነግራት ይሻላል ትያለሽ?» ብለሽ እሷን ጠይቂ። ውሳኔው የጋራ ይሁን። በአንድ ስልክ አያልቅም፣ ልታለቅስም ልትዘጋብሽም ትችላለች። ደግመሽ ደውዪ። ጭራሽ እምቢ ካለች የምታከብረው ሰው ፈልጊ፤ አክስትሽ ትሁን፣ የጎረቤት ትልቅ ሰው ይሁን። ከመምጣትሽ በፊት አንድ ሰው ገብቶ ያረጋጋት።

ከልጅሽ ጋር ደግሞ ከአሁኑ የኢሞውን ወሬ ቀይሪው። «ምን ልላክልሽ?» ከተባባላችሁ እሷም የምታውቅሽ ላኪ ሆነሽ ብቻ ነው። ዛሬ ከማን ጋር እንደተቀመጠች፣ የትኛውን ትምህርት እንደምትጠላ፣ ማታ ማታ ምን እንደሚያስፈራት ጠይቂያት። አንቺም የራስሽን ንገሪያት፤ ጅዳ እንዴት እንደሚሞቅ፣ ቀኑን ምን ስትሠሪ እንደምትውዪ። ጫማውን ከጠየቀች እናትሽ የእግሯን ልክ በክር ለክታ ክሩን ከጎኑ ማስመሪያ አድርጋ ፎቶ ታንሣልሽ፤ ቀለሙን ግን እሷ ራሷ ትምረጥ፣ ከሱቅ ሆነሽ በቪዲዮ እያሳየሻት። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ስትደርሺ የምታወሩት ነገር ይኖራችኋል።

የምትደርሺበትን ቀን ለብዙ ሰው አትንገሪ። ይህን የምልሽ በምክንያት ነው። የእኛ አገር አቀባበል ታውቂዋለሽ። ግቢው ይሞላል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ አንዷ ጎረቤት ልጅቷን ከእናትሽ ጉያ ጎትታ «ነይ! ነይ እናትሽን ሳሚ!» ትላለች። በደስታ ነው የምትለው፣ ግን ሁሉ ነገር በአንድ አፍታ ይበላሻል። እናትሽ የሚመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ ቀድማ ታስጠንቅቅ። ያም ሆኖ ካመለጠ አትካጂ። «ኧረ ዝም ብላ ነው» አትበዪ። ጎንበስ ብለሽ «አዎ፣ ሰው ሲሄድ ቁጭ ብለን እንነግርሻለን፣ እኔና እማዬ» በያት። ከዚያ ሰዎቹን በጊዜ ሸኙ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምንም አትጠይቂያት። አትሳሚኝ ካለች አትሳሚያት። ከእናትሽ ጀርባ ሆና ልታይሽ ትችላለች። በስልክ ያን ያህል የምታወራ ልጅ በአካል ስታይሽ አፏ ሊያያዝ ይችላል። ማታ ደግሞ የምትተኛው ከእናትሽ ጋር ነው፣ ሌሊት ስትባንን የምትሮጠው ወደ እናትሽ ነው። ያማል። በገዛ እናትሽ ትቀኛለሽ፣ ይህ ነውር አይደለም። ለእናትሽ ብትነግሪያትም ጥሩ ነው፤ ቀድመሽ ካልተናገርሽው በሌላ ነገር ሰበብ በቁጣ ይወጣል።

ዕድለኛ ነሽ፣ ከዐረፋ በኋላ ከመጣሽ ትምህርት ገና አልተዘጋም። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት አብረሻት ሂጂ። መንገዱን እሷ ታሳይሽ። አንቺ ሰባት ዓመት አልነበርሽም፣ ኮምቦልቻም እንደተውሻት አይደለችም፤ እሷ ናት የአገሩ ሰው። የትኛው ሱቅ ብስኩት እንደሚሸጥ፣ የትኛው ውሻ እንደሚነክስ ታውቃለች። አስተማሪዋንም ተዋወቂ። ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ሐምሌን ሙሉ ቤት ናት፣ ዝናብ ነው፣ አብራችሁ ሽንኩርት ትልጣላችሁ፣ ፀጉሯን ትሠሪያታለሽ። ፀጉር ሹሩባ ሲሠራ ልጅ ብዙ ያወራል። ፊት ለፊት ስለማትተያዩ ይመስለኛል።

መንገሩ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሳምንት ላይ ይሁን። ከዚያ ቀድሞ ገና እንግዳ ነሽ። መሄጃሽ ሲቀርብ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ ነግረሻት ሻንጣ ከያዝሽ ለሁለተኛ ጊዜ እንደተተወች ነው የምትቆጥረው። ቀን ይሁን፣ ማታ አይሁን፤ ቀን ከሆነ ወጥታ መጫወት ትችላለች። እናትሽ አጠገቧ ትቀመጥ፤ እንዲያውም ብትችል እሷ ትጀምረው። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «አንቺን የወለደችሽ እሷ ናት። ሥራ ፍለጋ ስትሄድ ለእኔ ሰጠችሽ፣ እኔ አሳደግኩሽ። እኔም እማዬ ነኝ፣ እሷም እናትሽ ናት» ብትል ይበቃል። ከዚያ ዝም በሉ፣ እሷ ትናገር።

ምን ልታደርግ እንደምትችል አስቀድሜ ማወቅ አልችልም። አንዳንዷ ታለቅሳለች፣ አንዳንዷ ትቆጣለች፣ አንዳንዷ «እሺ» ብላ ገመድ ልትዘል ትወጣለች። የወጣችው ግድ ሳይሰጣት ቀርቶ አይምሰልሽ። ጥያቄው በሁለተኛው ቀን ወይም በሳምንቱ ይመጣል፣ ምናልባትም ሳህን እያጠባችሁ። «ለምን ሄድሽ?» ትልሻለች። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። «ለአንቺ ብዬ ነው» አትበያት። እውነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን ስትሰማ «እናቴ የተንገላታችው በእኔ ጥፋት ነው» ብላ ነው የምትረዳው። «ሥራ አጣሁ፣ ብር አልነበረንም፣ ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፣ ሳልችል ቀረሁ። ስሄድ አለመሰናበቴ ስህተት ነበር» በያት። ይህ ይበቃል፣ እውነትም ነው።

«ታዲያ ምን ልበልሽ?» ካለችሽ «ደስ ያለሽን» በያት። እታለሜ ማለቱን ብትቀጥል ተዪያት። አውቃለሁ፣ አንቺ የምትጠብቂው ሌላ ቃል ነው። ከዚህ ጉዞ ያንን ቃል ይዘሽ ላትመለሺ ትችያለሽ። ልታጓጊኝ ነው እንዴ አትበዪኝና፣ በኋላ በስልክ ሊመጣ ይችላል። ላይመጣም ይችላል።

ስትሄጂ ተኝታ አትሂጂ። መሄጃ ቀንሽን ከነገርሻት ዕለት ጀምሮ ትወቀው፤ ግድግዳው ላይ ካላንደር ካለ አብራችሁ ምልክት አድርጉበት። ከቻላችሁ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ትሸኝሽ። ታለቅስ። «መቼ ትመጫለሽ?» ካለች የማታውቂውን ቀን አትስጪያት። «ማዳም ፈቃድ ስትሰጠኝ ቀኑን መጀመሪያ ለአንቺ ነው የምነግርሽ» በያትና ያንን ጠብቂ። እንደዚያው «በቃ አልመለስም፣ እዚሁ እቀራለሁ» የሚለው ስሜት ይመጣብሻል፣ ምናልባትም የነገርሻት ዕለት ማታ። መቅረትም ይቻላል፣ ክፉ ሐሳብ አይደለም። ግን በለቅሶ መሐል አትወስኚው። ምን ሠርተሽ እንደምትኖሪ፣ ያጠራቀምሽው ስንት ወር እንደሚያስኬድ ከእናትሽ ጋር በወረቀት ጻፉና እዩት። ካላስኬደ ተመለሺ፣ ግን የመጨረሻውን ውል ስንት ዓመት እንደምታደርጊው አውቀሽ።

የባጃጁ ነገር! ወንድምሽን አልፈርድበትም፣ ሥራ ይፈልጋል። ግን መልሱን ከመምጣትሽ በፊት በስልክ ስጪው፣ ከመጣሽ በኋላ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ይከብድሻል። «በዚህ ጉዞ አልችልም» በቂ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ 100 ማለፉን ሁሉም ሰምቷል፤ ሪያሉም ከዶላር ጋር የታሰረ ስለሆነ አብሮ ወጥቷል። ስለዚህ ዘመድ ሁሉ በብር እያሰላ ሚሊየነር አድርጎሻል። የገበያው ዋጋም አብሮ እንደወጣ ግን ማንም አያሰላልሽም። ለማን ምን እንደምትሰጪ ከአሁኑ ዝርዝር ያዢ፤ ለቅርብ ሰው ሽቶና ጀለቢያ፣ ለሌላው ቴምር። ወርቅ ለእናትሽ ካሰብሽ እሰየው፣ ሌላው ይቅር። ጅዳ ስትመለሺ ደመወዝ እስክትቀበዪ የምትኖሪበትን ብር ደግሞ ለማንም ሳትነግሪ እዚያው ተዪው።

እዚያ ሳለሽ ቀበሌ ሄደሽ የልደት ምስክር ወረቀቷን አውጪ፣ ካልወጣ። ስምሽ በትክክል መጻፉን እዪ። መታወቂያሽንና ፓስፖርትሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ሌላ ምን እንደሚፈልጉ እናትሽ ቀድማ ትጠይቅ፣ ሁለት ወር ቶሎ ያልቃል።

ስለ መንገዱ፣ ከጅዳ አዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፣ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻም በአውሮፕላን መግባት ትችያለሽ። በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት በኩል ያለው የመኪና መንገድ ርካሽ ነው፣ ግን ሰላሙ ይለዋወጣል። ሻንጣ ጭነሽ፣ ከውጭ እንደመጣሽ ፊትሽ እየተናገረ፣ በመኪና አትሞክሪው ባይ ነኝ።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት ወረቀቱ። ማዳም የምታስወጣልሽ ኹሩጅ ወዓውዳ፣ ማለትም ወጥቶ የመመለሻ ቪዛ መሆኑን እርግጠኛ ሁኚ፤ ኹሩጅ ኒሃኢ፣ የመጨረሻ መውጫው ከሆነ በዚያው ወረቀት መመለስ የለም። ለሁለት ወር የሚከፈለው 200 ሪያል ነው፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ወር 100 ይጨመራል። ወረቀቱ ላይ ቀኑ ከምትወጪበት ዕለት የሚቆጠር ነው ወይስ «እስከዚህ ቀን ተመለሺ» የሚል? ሁለቱ ይለያያሉ፣ ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ያሳይሽ። ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ እስክትመለሺ ድረስ የሚያገለግል ይሁን። የሁሉንም ፎቶ አንሥተሽ ለእናትሽ በኢሞ ላኪላት። ይህ በእጅሽ ሳይገባ ትኬት አትቁረጪ። ፓስፖርትሽ ማዳም ጋ ከሆነ ጠይቀሽ ተቀበዪና ጊዜው መቼ እንደሚያልቅ እዪ፤ ሊያልቅ ከሆነ እዚያው ጅዳ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጎራ በይ፣ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ከዐረፋ በፊት ቢሆን ይሻላል።